መልስ፦ ከጅማ እስከ ቱርካና አንድ ውሃ ነው

ወንድሜ፣ «ድንበር ተሻጋሪ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ እኛን የጅማ ሰዎች ምን ያገባናል?» ብለሃል። በጣም ያገባናል! የእኛው ጊቤ ወንዝ ኦሞ ተብሎ ወርዶ፣ አብዛኛው ክፍሉ ኬንያ ውስጥ ካለው ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ ከ80 በመቶ በላይ ውሃውን የሚያገኘው ከኦሞ ነው። የክረምቱ ሙላት ይዞት የሚወርደው ለም ደለል ዓሣውን ይመግባል፣ ዓሣው ደግሞ አዞውንና ወፎቹን። ግድብና መስኖ ሙላቱን ሲቀንሱት የሚጎዳው ኬንያዊው ዓሣ አጥማጅ ብቻ አይደለም፤ ከሙላቱ በኋላ ወንዙ ዳርቻ ላይ የሚዘሩት፣ በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት የእኛው ዳሰነቾችም ናቸው፣ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል። የኬንያ የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው በ2018 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገብተዋል። በእኔ እምነት ኢትዮጵያና ኬንያ ከሁሉ አስቀድመው ከግድብ ስለሚለቀቀው ውሃ መረጃ ሊለዋወጡ፣ ሰው ሠራሽ ሙላቱንም (የተፈጥሮውን ሙላት ለመተካት ከግድብ ሆን ተብሎ የሚለቀቀውን ውሃ) ተነጋግረው ሊወስኑ ይገባል። የእኛ ድርሻ ደግሞ የጊቤን ዳገቶች ደን አለማራቆት ነው።