«ፋይሉን እሱ ነው የያዘው»

ሰላም ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ልጅ ከሐዋሳ ጻፈችልኝ። እጮኛዋ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። በእጮኛ ቪዛ ሊወስዳት ፕሮሰስ ከጀመረ ሰባት ወር አልፎታል። ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ፋይሉን እሱ ነው የያዘው። ምን ምን እንደተሞላ አላየሁም። ልጠይቀው እልና፣ ያላመንኩት እንዳይመስለው እፈራለሁ። መጠየቅ ነውር ነው?»

ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠኋትም። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ጥያቄዋ የራሴ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ያኔ የሚጠየቅ ሰው አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ዋጥኩት።

ቨርጂኒያ ውስጥ በሰነድ ትርጉምና በአስተርጓሚነት እንጀራዬን ስበላ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የሞት ምስክር ወረቀት በየቀኑ በእጄ ያልፋል። እንግሊዝኛ ተለማመዱ፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የሆነብኝን ላውጋችሁ።

ደሴ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ባለቤቴን የማውቃት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጣች። ከዚያ በስደተኝነት አሜሪካ ገባች፣ እያደር ዜግነትም አገኘች። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1986 ክረምት፣ ቤተሰቧን ልትጠይቅ መጣች። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ሳንነሳ መሸ።

ከተመለሰች በኋላ ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር። ካሴትም ትልክልኛለች። ሥራ ስትሄድና ስትመለስ ነው የምትቀዳው፤ ከድምጿ ጀርባ የአውቶቡስ ጫጫታ ይሰማል። እናቴ ከሰል ላይ ቡና እያፈላች አብራኝ ታዳምጥ ነበር። «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናት እንዴ?» ትለኛለች። እናቴ ምራቷን ያወቀቻት ከፊቷ ይልቅ በድምጿ ነው።

ኅዳር 1988 ዋሽንግተን ገባሁ። በእጮኛ ቪዛ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ማግባት አለበት። ያውም ያስመጣውን ሰው እንጂ ሌላ ማግባት አይጠቅመውም። እኛ በሦስተኛው ሳምንት ተፈራረምን። ገና ዕለት ያ በታሪክ የሚታወቀው፣ በፈረንጆቹ የጃንዋሪ 1996 በረዶ ወረደ። ከቤት መውጣት አልተቻለም። የገናን ዶሮ ለሁለት በላነው። ደስተኞች ነበርን፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን የሞላችው እሷ ናት። «እዚህ ጋ ፈርም» ትለኛለች፣ እፈርማለሁ። «እዚህም።» እፈርማለሁ። ሁሉንም ቡኒ ፖስታ ውስጥ ከታ የኮሞዲኖው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። መሳቢያው አይቆለፍም። ከራስጌዬ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። አንድም ቀን ግን አልከፈትኩትም። አገሩ የእሷ ነው፣ ቤቱ የእሷ ነው፣ ደመወዙም የእሷ ነው። እኔ የሥራ ፈቃዴን እየጠበቅኩ ቤት የምውል ሰው ነኝ። በዚህ ላይ ወረቀቷን ባገላብጥ የጠረጠርኳት ይመስላል ብዬ ተውኩት።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ታናሽ እህቴ ደወለች። «እማማን ትንሽ አሟታል» አለችኝ። የእኛ ሰው በስልክ ትንሽ አሟታል ካለ ትንሽ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። «ስምህን ትጠራለች» ብላ ጨመረች።

ባለቤቴ ወረቀት ያውቃል ለሚባል አንድ የአገር ልጅ ደወለች። መልሱ ቁርጥ ያለ ነበር። «ግሪን ካርዱ ሳይወጣ እግሩን ካነሳ አለቀለት። ከዜሮ ነው የሚጀምረው።» ግማሹ እውነት ነው። ማመልከቻው ገብቶ ገና ሳይወሰን ያለፈቃድ ከአገር የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠርበታል። ሌላውን ግማሽ አልነገረንም፤ ምናልባትም አያውቀውም። ከመውጣት በፊት የሚጠየቅ የመመለሻ ፈቃድ አለ። አድቫንስ ፓሮል ይሉታል። ዘመድ በጠና ሲታመም ወይም ሲሞት በአስቸኳይ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። የስልክ ካርድ እየገዛሁ በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ። አንድ ቀን እናቴን አቀረቡልኝ። ድምጿ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። «ለፋሲካ» አልኳት። እንደማልሄድ እያወቅኩ። «እንግዲያው ዶሮውን እንዳያርዱት እነግራቸዋለሁ» አለች። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ፋሲካ አለፈ። በዳግማይ ትንሣኤ፣ ገና ሳይነጋ፣ በራችን ተንኳኳ። አምስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቧል። አፉን ሳይከፍት ጋቢውን አይቼ ገባኝ።

ሰኔ ላይ ስለ ሥራ ፈቃዴ ልጠይቅ አርሊንግተን የነበረው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንዲት ጥቁር የለበሰች አፍሪካዊት ነበረች። ከሆስፒታል የተላከ ፋክስ በእጇ ይዛለች። እያጠፈች ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ከሰዓት በኋላ ፎቶዋ የተለጠፈበት ወረቀት ይዛ ወጣች። አባቷ ታሞ ነገ እንደምትበር ነገረችኝ። «ግሪን ካርድ አለሽ?» አልኳት። «የለኝም። እንዳንተው እየጠበቅኩ ነው» አለችኝ።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። መሳቢያውን ከፈትኩ። ፖስታው ውስጥ፣ ከቅጹ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ፣ ጉዳዩ በጥቂት መስመር ተጽፏል። ከመውጣትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ ይላል። አንድም ከባድ ቃል የለበትም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያለ መዝገበ ቃላት ያነቡት ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀመጠች። ያን ቀን ምንም አልተባባልንም።

የተነጋገርነው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ የእሷ እናት ተዝካር በወጣ ማግስት። «ያኔ ሌላ ሰው መጠየቅ እችል ነበር» አለችኝ። «ቢሮው ድረስም መሄድ እችል ነበር። ፈራሁ። ከሄድክ የማትመለስ መሰለኝ።» ሳምንት ያህል ሳሎን ተኛሁ። ከዚያ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ዛሬም አብረን ነን። ይህን ደብዳቤ ከእናንተ በፊት ያነበበችው እሷ ናት። «ጻፈው» ብላኛለች።

እና ለዚያች ልጅ የመለስኩላት ይህንን ነው። ነውር አይደለም። ስምሽ ያለበት ወረቀት ሁሉ የአንቺም ነው። የገባውን ቅጽ ሙሉ ኮፒ ጠይቂ። የጉዳዩን ቁጥር ያዢ። አሜሪካ ስትገቢ የራስሽ የኢሚግሬሽን አካውንት ይኑርሽ፤ በእሱ ስልክና በእሱ ኢሜይል ብቻ አይሁን። ፓስፖርትሽ በእጅሽ ይሁን። እሱ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ባለቤቴም ደግ ናት። ደግ ሰውም ይፈራል።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያሳስበኛል። ፍቅራችሁን በየደቂቃው በቪዲዮ ታያላችሁ። ምን እንደበላ፣ ምን እንደለበሰ ታውቃላችሁ። የገዛ ማመልከቻችሁን ግን አታውቁትም። ቴሌግራም ላይ «ፕሮሰስ አማክራለሁ» የሚልን የማታውቁትን ሰው ትጠይቃላችሁ፣ መመሪያው ስልካችሁ ላይ በነፃ ተቀምጦ። መቼም እኛም የአገር ልጅ ነው የጠየቅነው። የእኛው መመሪያ ግን በሌሊት የማይከፈት ቢሮና አንድ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ የእናንተው ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ሥራዬ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን ልጨምር። የቀን አቆጣጠር ነገር ስንቱን አስለቅሷል። አንድ ባልና ሚስት የሠርግ ጥሪ ካርዳቸውን ከማስረጃ ጋር አስገቡ። ካርዱ ላይ ጥር 15 ቀን 2008 ይላል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 24፣ 2016 ማለት ነው። ቀኑን አላስተረጎሙትም፤ ጉዳዩን የሚያየው ሰው 2008ን እንዳለ ወሰደው። በዚያ ሒሳብ ሙሽሪት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ቁጭ አለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው የሚጨመረው። ወሩን ሳያዩ በደፈናው ሰባት የሚደምሩ አሉ። ልደታችሁን በአንዱ ወረቀት እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ አታድርጉት። ቃለ መጠይቁ ላይ የተሳሳተ ነገር ካለም ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ከጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሚሰጥ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። ብዙ ሴት ልጆች ክፉ ቃል የሚሰሙት በዚህ መሐል ነው። «ካልፈረምኩልሽ ትመለሻለሽ» የሚሉ ወንዶች አሉ። ወንዶችም ይደርስባቸዋል። ስሙኝ፣ ይህ ዛቻ ውሸት ነው። ጋብቻው እውነተኛ ሆኖ ቢፈርስ፣ ወይም ድብደባና ስቃይ ካለ፣ ያለ እሱ ፊርማ ብቻሽን ማመልከት ትችያለሽ። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 የወጣ ሕግም ጥቃት የደረሰባቸው የትዳር ጓደኞች ራሳቸው እንዲያመለክቱ ይፈቅዳል። አንዲት ልጅ ይህን ሳታውቅ ሁለት ክረምት ስትመታ ኖራለች። ለእሷ ሳስተረጉም ድምፄ ተቆራረጠብኝ፤ ውኃ ጠጥቼ ነው የቀጠልኩት።

ለዲቪ ተብሎ ስለሚደረግ የወረቀት ጋብቻ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከተደረሰበት በኋላ በእውነት የምታፈቅሩትን ብታገቡ እንኳ በዚያ በእውነተኛው ጋብቻ የሚቀርብላችሁ ማመልከቻ ላይፈቀድ ይችላል። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ የለም።

የትዳር ጓደኛ የምታስመጡም አስቡበት። ዛሬ የምትፈርሙት የድጋፍ ውል በፍቺ አይቀደድም። ያመጣችሁት ሰው ዜጋ እስኪሆን፣ ወይም ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ሥራ እስኪመዘገብለት ድረስ ይከተላችኋል።

ዜግነት ሌላ ጣጣ ነው። ከአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ የሚኖር ሰው ግሪን ካርድ ካገኘ ከሦስት ዓመት በኋላ ማመልከት ይችላል፤ ሌላው አምስት ዓመት ይጠብቃል። እኔ የዜግነት መሐላ የማልኩት በፈረንጆቹ 2000 ነው። በኢትዮጵያ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የእኛን ያጣል። ቀጥሎ ስመጣ ቦሌ ላይ የውጭ ዜጎች ሰልፍ ውስጥ ቆምኩ። ከፊቴ ያሉት ቱሪስቶች ናቸው። ያ ሰልፍ ከመሐላው በላይ ከበደኝ። ቢጫ ካርዱ፣ የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያው ማለት ነው፣ በ270/1994 አዋጅ ከመጣ ወዲህ ያለ ቪዛ እንገባለን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንሠራለን። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ይህን አስባችሁበት ማሉ። እናንተ በወረቀት የምታጡትን አገር ልጆቻችሁ ደግሞ እያያችሁ በቋንቋ ያጡታል።

ለፍቅር ብላችሁ አትሰደዱ እያልኩ ብዙ ሰው መክሬያለሁ። የራሳችሁ ሥራ፣ የራሳችሁ ገንዘብ ሳይኖር አትሂዱ እላለሁ። አሁንም እላለሁ። ግን ያ ካሴት ዛሬ በፖስታ ቢመጣልኝ እሄድ ነበር። እንዲህ ነው የማስበው፤ ሁለቱንም እውነት አድርጌ።

እናቴ መቃብር የደረስኩት ለሙት ዓመቷ ነው። እህቴ የዚያን ፋሲካ ዶሮ ማንም እንዳያርደው ተብሎ ለካህናቱ እንደተሰጠ ነገረችኝ።

የሐዋሳዋ ልጅ ትናንት መልሳ ጻፈችልኝ። እጮኛዋን ጠየቀችው። አልተቆጣም፤ በዚያው ማታ ሙሉውን በፒዲኤፍ ላከላት። አሥራ ሁለት ገጽ አንብባለች። አባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ አገኘችና እንዴት እንደሚታረም ልትጠይቀኝ ፈልጋለች። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።