ከቦዲው ቀንሱ፣ ለሌንሱ ጨምሩ

ይድረስ ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ ለምታጠራቅሙ ልጆቼ፤

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብረ ማርቆስ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ ብቅ አለች። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መስሎኝ ወንበሩን ሳስተካክል «ኧረ ጋሼ፣ እኔስ ለምክር ነው የመጣሁ» አለችኝ። ከወንድሟ ጋር ሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ። ካኖን ይሻላል ወይስ ኒኮን? ጥያቄዋ ይኸው ነው። ይህንኑ የሚጠይቀኝ ስለበዛ ለእሷ የነገርኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁለቱም ይሆናሉ። ጓደኛችሁ የያዘውን ያዙ፤ ሌንስና ቻርጀር ትዋዋሳላችሁ። ከዚያ ይልቅ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የማነሳው የት ነው? ሱቅ ውስጥ ካሜራ ሲያሳዩዋችሁ በር ላይ አውጥተው መንገዱን ያስነሷችኋል። በፀሐይ የማያምር ፎቶ የለም። የእኛ አገር ሥራ ግን አብዛኛው ጨለማ ውስጥ ነው። ሠርጉ ዳስ ውስጥ ነው፣ ማኅሌቱ ሌሊት ነው፣ የገጠር ቤት ብርሃን የሚያገኘው በአንድ በር ነው። ዘጌ ሄዳችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ለማንሳት ብትሞክሩ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው፤ ያላችሁ ብርሃን በበሩ የሚገባው ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሥራ የጀመርኩት ዜኒት በሚባል የሩሲያ የፊልም ካሜራ ነበር። 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ኤፍ 2 ድረስ ይከፈታል (ኤፍ የብርሃን ቀዳዳው መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ በደህና ቀን በኩራዝም ያነሳል። ዲጂታል ሲመጣ የዕቁቤን ብር ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩና ሜጋፒክስሉ (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች በሚሊዮን) የበዛውን ቦዲ፣ ማለትም ያለ ሌንስ የካሜራውን አካል፣ መርጬ ገዛሁ። ባለሱቁ 18-55 የሚባል ትንሽ የዙም ሌንስ ጨመረልኝ፣ «ሁሉን ትሠራበታለህ» አለኝ። አመንኩት። የመጀመሪያ ሥራዬ አማኑኤል አጠገብ ያለ ሠርግ ነበር። ቀን ቀን ያነሳሁት ውብ ሆነ። ማታ ሙሽሮቹ ዳስ ሲገቡ ያለው መብራት በጄኔሬተር የሚበሩ ሁለት አምፖሎች ናቸው። ዙም ሳደርግ ሌንሱ ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል፤ ሻተሩ፣ ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተው መጋረጃ፣ የሰከንድ 1/8 ክፍት ይሆናል። እስክስታ የሚመታ ትከሻ በ1/8 ጢስ ነው የሚመስል። የካሜራውን ትንሽ ፍላሽ ሳበራ ደግሞ ፊት ለፊቴ ያለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ጥቁር። የሙሽራው አባት አልበሙን ገልጠው ገልጠው «ምሰሶውስ ደህና ወጥቷል፤ ልጂቱ የታለች?» አሉኝ። ግማሹን ከፈሉኝ። ግማሹንም መክፈላቸው ደግነት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ኤፍ 5.6 ከሚያስገባው 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በ1/8 የተንቀጠቀጠው ምስል በ1/80 ይነሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ ደግሞ ውድ አይደለም፤ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ከካኖንም ከኒኮንም ርካሽ ከሚባሉት ሌንሶች አንዱ ነው። ስለዚህ ከያዛችሁት ከ10 ብር 5ቱን ለቦዲው ከትንሹ ሌንሱ ጋር፣ 3ቱን ለ50 ሚሊው፣ 2ቱን ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሁለት ሚሞሪና ለቦርሳ መድቡት። ሁለት ሚሞሪ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሠርግ በአንድ ሚሞሪ አይነሳም። ትንሹን 18-55 አትጣሉት። በቀን ዘመድ አዝማድ ተሰልፎ ሲነሳ ያስፈልጋችኋል፤ 50 ሚሊው ጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባችሁን ከግድግዳ ያጣብቃችኋል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ለማንሳት ረጅም ሌንስ የግድ ነው፤ እሱን ግን ለዕለቱ ተዋሱ። ፀሐይ ስላለ ርካሹም ይበቃል።

ሜጋፒክስሉን እርሱት። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአልበም ገጽ ጥርት ብሎ ለመታተም 8 ሜጋፒክስል ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ዘመኑ የመስታወት አልባው ካሜራ (ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልስ መስታወት ውስጡ የሌለው) ነው የሚሉ ልጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ካኖንም ኒኮንም ከ2018 ወዲህ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ዕቃው የሚፈለገው በዚያ ነው) ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ለእኛ ግን ይህ ሲሳይ ነው፤ ባለመስታወቱ ዲኤስኤልአር በዚህ ምክንያት ረከሰ። ባትሪም ይቆጥባል፣ በመስታወቱ ስታዩ ስክሪን አይበራምና። ኒኮን ዲ3500 በአንድ ሙሌት በፋብሪካው መለኪያ 1,550 ፎቶ ያነሳል። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም።

ርካሽ ሲባል የት ላይ እንደተቆጠበ ግን እዩ። ኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በሚባሉት ርካሽ ካሜራዎቹ ቦዲ ውስጥ የፎከስ ሞተር አላስገባም። የቆየውን ኤኤፍ-ዲ የሚባለውን 50 ሚሊ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ብትገጥሙት ፎከሱን በእጃችሁ ስትጠመዝዙ ትውላላችሁ፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ (AF-S) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ካኖን በበኩሉ ከርካሾቹ ካሜራዎቹ ከ2000ዲ እና ከ4000ዲ የፍላሽ መግጠሚያ ላይ መካከለኛዋን የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ አነሳ። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ የቻይና ፍላሽ በአብዛኛው የሚሠራው በእሷ ነው። 4000ዲ ጭራሽ የሌንስ መግጠሚያ ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው። እኔ ብሆን አዲስ 4000ዲ ከምገዛ በ2011 የወጣውን 600ዲ በደንብ የተያዘ ባገኝ እመርጣለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ አባቶቻችሁ በሬ እንደሚገዙት ግዙ። እነሱ ቀንዱን አይተው አይከፍሉም፤ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ። የካሜራ ጥርስ የሻተሩ ቁጥር፣ ማለትም ስንት ጊዜ እንደተኮሰ፣ ነው። በዚህ ደረጃ ያሉት አብዛኞቹ ካሜራዎች 100,000 ጊዜ እንዲተኩሱ የተሠሩ ናቸው። ኒኮን ከሆነ አንድ ፎቶ አንሱና ኮምፒውተር ላይ የፎቶውን ሙሉ መረጃ በሚያነብ ፕሮግራም ክፈቱት፣ ቁጥሩ እዚያ አለ። ካኖን ግን አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር አገናኝታችሁ በፕሮግራም ካልሆነ እሺ አይልም፤ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ሌንሱን ፍቱና ከኋላው የስልካችሁን መብራት አብሩበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፋንገስ ነው፤ አስቀምጡትና ደህና ዋሉ በሉ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የከረመ ሌንስ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 22 አጥብባችሁ ሰማዩን አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጠረጋል፣ ዋጋ ለመቀነሻ ግን ጥሩ ነው። ሻጩ «ማታ መብራት ሲጠፋ እንገናኝ» ካለ አትሂዱ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አራጣ ተበድራችሁ አትግዙ። ሠርግ በጥርና በሚያዝያ ነው፤ ክረምት ሙሉ ካሜራው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ዕዳው ግን ሐምሌንም ያውቃል። ቁም ሳጥን ካልኩ ዘንድ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ከሌንሱ ጋር በተከደነ ዕቃ አኑሩ። ጮቄ ተራራ የምትወጡ ደግሞ ትርፉን ባትሪ ደረታችሁ ኪስ ያዙት፤ ብርዱ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ያቺ ልጅ ከገና በኋላ ተመለሰች። ያገለገለ 600ዲ ከ50 ሚሊ ጋር ገዝታ፣ ቢቸና አያቷን እሳት ሲያነዱ አንስታ መጣች። ጭሱ በበሩ ብርሃን ተቆርጦ ቆሟል፤ የአያቷ ጉንጭ እሳቱን እፍ ሲሉ እንደተነፋ ነው። አጉልቼ አየሁት። ፎከሱ ዓይናቸውን ስቶ ሻሻቸው ላይ አርፏል። «በ1.8 እንዲህ ቀርበሽ ስታነሺ ጥርት የሚለው ጣት የማትሞላ ነው፤ እስኪ 2.8 አድርጊውና የቅርቡን ዓይን ያዢ» አልኳት። «እሺ ጋሼ፣ ግን ደግመው እሳት አያነዱልኝም፣ አሁንም ዓይኔን አጠፋሽው እያሉ ነው» አለች። ቅዳሜ ቡና ሲያፈሉ ትሞክራለች።