«ሥጋና ደም አይወርሱም» ከተባለ፣ ታዲያ የሚነሣው ምንድን ነው?

ጳውሎስ «ሥጋና ደም የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርሱም» ይላል፤ በሉቃስ 24 ግን ከሞት የተነሣው ጌታ ሥጋና አጥንት እንዳለው ያሳያል፤ ታዲያ በትንሣኤ የሚነሣው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል። የሚነሣው ሥጋችን ነው፤ ሁለቱ የጠቀስሻቸው ክፍሎችም አይጋጩም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥50 ላይ «ሥጋና ደም» ማለት ደካማው፣ ሟቹ ሰው ማለት ነው። በማቴዎስ 16፥17 ጌታ ለጴጥሮስ «ሥጋና ደም አልገለጠልህም» ሲለውም እንደዚሁ ነው። ጳውሎስ ራሱ እዚያው ቁጥር ላይ «የሚበሰብሰው የማይበሰብሰውን አይወርስም» ብሎ ይፈታዋል።

ሉቃስ 24ን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ደነገጡ። እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ «ዳስሳችሁ እዩ» አላቸው። ከደስታ ብዛት አሁንም አላመኑም። የሚበላ ነገር ጠየቃቸው፤ የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፤ በፊታቸው በላ። ያ ዓሣ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ይኸው አካል ግን፣ ዮሐንስ 20፥19 እንደሚለው፣ በሮቹ ተዘግተው ሳለ መካከላቸው ቆሟል። የቁስሉ ምልክት አለበት፤ ሞት ግን ከእንግዲህ አይገዛውም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ቁጥር 44 ላይ ያለውን «መንፈሳዊ አካል» ለብቻው ነጥለሽ አትያዢው። እኔ ለዓመታት «የማይጨበጥ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ልጇን ለቀበረች እናትም እንደዚያው ነገርኳት። «እንግዲያው አላቅፈውም ማለት ነው?» አለችኝ። ማታ ምዕራፉን ከቁጥር 35 ጀምሬ እንደ አዲስ አነበብኩት። የተዘራው ነው የሚነሣው፤ «መንፈሳዊ» የተባለውም የእግዚአብሔር መንፈስ ሕያው ስለሚያደርገው ነው። በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ነገርኳት።