ልውጥ ዘር፣ ድንበርና ጎረቤቶቻችን፦ ጋሽ ኬላን ጠይቁ

(ጋሽ ኬላ በእጽዋት ኳራንቲንና በደኅንነተ ሕይወት ሥራ የቆዩ አባላችን ናቸው። ዛሬ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ይመልሳሉ።)

ጋሽ ኬላ፦ እንደምን አመሻችሁ። አስቀድሜ ልናገር፤ «ጂኤምኦ ጥሩ ነው መጥፎ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። የዛሬው ወሬያችን ጎረቤታሞች አገሮች ይህን ዘረ መሉ በላቦራቶሪ የተቀየረ ልውጥ ዘር በጋራ እንዴት ይቆጣጠራሉ የሚለው ነው። ቀጥሉ።

የመተማው፦ ጋሼ፣ ጥጥ አመርታለሁ። ከማዶ ሱዳኖቹ ቢቲ ጥጥ፣ ያን ትል የሚገድለውን ልውጥ ጥጥ፣ መዝራት ከጀመሩ ቆይተዋል። መንግሥታቱ ተነጋግረው ነው? እኔንስ ምን ያገባኛል?

ጋሽ ኬላ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ሱዳን የቻይናውን ዝርያ ለገበሬ የለቀቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እኛ ከሕንድ የመጡትን ሁለት ዲቃላዎች የፈቀድነው በ2018። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለ፣ ማሳዎቹን የሚለየው ግን አንድ ወንዝ ነው።

ሁለታችንም የካርታኼና ፕሮቶኮል አባል ነን፤ ልውጥ ሕያዋን ድንበር ሲሻገሩ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። አንቀጽ 17 እንዲህ ይላል፦ አንድ አገር የለቀቀው ልውጥ ሕያው ሳይታሰብ ድንበር ተሻግሮ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ካወቀ፣ ለሚነካው ጎረቤት ያሳውቅ፣ ወዲያው ይመካከር። አንቀጽ 14 ደግሞ አባል አገሮች የጥበቃውን ደረጃ እስካላወረዱ ድረስ ሁለት ለሁለትም ሆነ በቀጠና መዋዋል ይችላሉ ይላል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ጥጥ በአብዛኛው የሚራባው በራሱ ብናኝ ስለሆነ፣ በነፋስና በንብ የሚመጣው ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ከረጢቱና የእሳት እራቷ ናቸው። የጓይ ትል እናት በሌሊት ረጅም ርቀት ትበራለች፤ ኬላ ላይ ፓስፖርት አታሳይም። በሱዳኑም በእኛም ጥጥ ውስጥ ያለው ትል ገዳይ ፕሮቲን ክራይ ዋን ኤ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ትሉ በአንደኛው ማሳ መድኃኒቱን ከለመደው በሌላኛውም የለመደው ሆኖ ይደርሳል። በሕንድ ፒንክ ቦልዎርም የሚባለው ትል ይህንኑ ፕሮቲን መቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ2010 በይፋ ተነግሯል። መከላከያው በማሳው ዳር ተራ ጥጥ መዝራት ነው፤ መድኃኒቱን ያልቀመሱ ትሎች እዚያ አድገው ከተቋቋሙት ጋር ይዳቀላሉ፣ መቋቋሙም ቶሎ አይስፋፋም። አንዱ አገር ይህን አስገድዶ ሌላው ችላ ካለው ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ስምምነት ስል በሆቴል አዳራሽ የሚፈረመውን አይደለም። የሁለቱ አገር ባለሙያዎች በየወቅቱ ትል ለቅመው፣ መርምረው፣ ውጤት የሚለዋወጡበትን ነው።

ገበሬውን ደግሞ አስጠነቅቃለሁ፦ ዘር በከረጢት አታሻግሩ። የእኛው ዲቃላ ስለሆነ ከራሱ ለከርሞ የሚቀመጠው ዘርም የተዘበራረቀ ነው የሚወጣው።

ሳምራዊት፦ ኮሜሳ፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያው፣ በልውጥ ዘር ላይ አንድ ፖሊሲ አለው ይባላል። አንዱ አባል ከፈቀደ ለሁሉም ተፈቀደ ማለት ነው?

ጋሽ ኬላ፦ አይደለም። ሚኒስትሮቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኪንሻሳ ላይ ያጸደቁት ፖሊሲ ለገበሬ የሚለቀቅ ዘርን፣ ንግድንና የእርዳታ እህልን ይመለከታል። የስጋት ምዘናውን የቀጠናው ባለሙያዎች በጋራ ይሠሩታል፤ ውሳኔው ግን የየአገሩ ነው። ምዘና በጋራ፣ ውሳኔ በየቤት። ጥሩ የባለሙያ ቡድን ማቋቋም ለማይችል ትንሽ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሜሪላንድ፦ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

ጋሽ ኬላ፦ ከርእስ ውጭ።

ብርሌ፦ እኛን ወደኋላ ያስቀረን ዶክተር ተወልደብርሃን ናቸው። በሩን ሁሉ ዘጉት።

አዱኛ፦ አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ! እሳቸው ባይኖሩ አፍሪካ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ አይኖራትም ነበር።

ብርሌ፦ ድምፅ ትል አይገድልም፣ ወንድሜ።

አዱኛ፦ ፓተንትም ገበሬ አያበላም።

ጋሽ ኬላ፦ ይብቃችሁ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ቡድን መርተው ተደራድረዋል። ፕሮቶኮሉም እ.ኤ.አ. በ2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። ትናንሽ አገሮች «አስቀድማችሁ ንገሩን፣ እንመዝን፣ ከዚያ እንወስን» የማለት መብት ያገኙት በዚያ ነው። የእኛ አዋጅ 655/2001 ጥብቅ ነበር፤ በ896/2007 ተሻሽሎ ለምርምር ላላ። በሩ ተዘጋ የሚለው የምርምሩን መንገድ ከሆነ እሱም ተከፍቷል። ብርሌ፣ ሁለቱን አዋጆች አንብብና ተመለስ።

ናትናኤል፦ ኬንያ ፈቅዳለች አልፈቀደችም? ግራ ገባኝ።

ጋሽ ኬላ፦ ከውጭ ማስገባት በ2012 ታገደ፣ ቢቲ ጥጥ በ2019 ተፈቀደ፣ እገዳው በጥቅምት 2022 በካቢኔ ተነሣ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው።

ናትናኤል፦ ኡጋንዳስ?

ጋሽ ኬላ፦ ፓርላማው ሁለቴ አጸደቀ፣ ፕሬዚዳንቱ ሁለቴ መለሱት።

ዘቢባ፦ ጋሼ፣ በዘረ መል አርትዖት፣ ማለትም የራሱ ዘረ መል ውስጥ ጥቂት ፊደል ታርሞ፣ የተሠራ ሰብል ከጎረቤት ቢመጣ በሕጋችን ምን ይባላል?

ጋሽ ኬላ፦ እህቴ፣ ይባርክሽ። ወደፊት የምንጣላው በዚህ ነው። ኬንያ በ2022 ባወጣችው መመሪያ መሠረት፣ የባዕድ ዘረ መል የሌለበት የአርትዖት ውጤት እንደ መደበኛ ዝርያ ሊታይ ይችላል፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ ይመረመራል። የእኛ ዋናው አዋጅ፣ 655፣ የወጣው ክሪስፐር የሚባለው የአርትዖት መሣሪያ ለዚህ ሥራ ከመዋሉ በፊት ነው። ኬንያ ውስጥ አቀንጭራን የሚቋቋም የታረመ ማሽላ እየተመረመረ ነው። ማሽላ ደግሞ ጥጥ አይደለም! ከዱር ዘመዱ ጋር ይዳቀላል፤ እኛም ከማሽላ መገኛዎች አንዱ ነን። ናይሮቢ ላይ ተራ ዘር የተባለው ሞያሌ ሲደርስ ልውጥ ከተባለ፣ የኬላው ሠራተኛ በየትኛው ወረቀት ይለየዋል? ላቦራቶሪም ቢሆን የታረመውን ፊደል አስቀድሞ ካላወቀ ላያገኘው ይችላል። የሚያሳውቀው አልሚው ብቻ ነው። ትርጓሜውን ሳይስማሙ ስለ ጋራ ቁጥጥር ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ኮሜሳ መጀመሪያ ይህን ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ፍቃዱ፦ ኮሜሳ ከፈቀደ ግን እኛም…

ጋሽ ኬላ፦ ፍቃዱ፣ ወደ ላይ። የሳምራዊትን ጥያቄ አንብብ። ምዘና በጋራ፣ ውሳኔ በየቤት!

ኤደን፦ በጅቡቲ በኩል የሚገባ የእርዳታ በቆሎስ? ልውጥ ቢሆን ጅቡቲ ልታግደው ትችላለች?

ጋሽ ኬላ፦ የመተላለፊያ አገር በግዛቱ የሚያልፈውን የመቆጣጠር መብቱ አልተነካም፤ የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 6 ነው። ያ «አስቀድማችሁ ንገሩን» ያልነው የቅድሚያ ስምምነት ሥርዓት ግን ለመተላለፊያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡባዊ አፍሪካ ረሃብ ጊዜ ዛምቢያ ልውጥ በቆሎ አልቀበልም አለች፣ ሌሎች ጎረቤቶቿ ተፈጭቶ ይምጣ አሉ። ዱቄት አይበቅልማ። ወፍጮው የት ይቁም፣ ማን ይክፈል የሚለው ግን መርከቡ ወደብ ደርሶ የሚጀመር ክርክር መሆን አልነበረበትም። ረሃቡ ሳይመጣ ይዋዋሉ የምለው ለዚህ ነው።

ብርሌ፦ አዋጆቹን አነበብኩ።

ጋሽ ኬላ፦ በሃያ ደቂቃ?

አዱኛ፦ 😂

ቴዲ፦ ጋሼ፣ ናይሮቢ ዘመድ አለኝ። አንድ ኪሎ የቢቲ ጥጥ ዘር ቢልክልኝ በሞያሌ ማስገባት እችላለሁ?

ጋሽ ኬላ፦ አይቻልም። ማመልከቻው ለአካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን ነው የሚቀርበው፤ ኬላ ላይ ፈቃድ አይሰጥም። በከረጢት አታሻግሩ ስል ይህንኑ ነው።

ቴዲ፦ ለራሴ ጓሮ ብቻ እኮ ነው።

ጋሽ ኬላ፦ ጓሮህም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ደህና እደሩ።