«የት ደረሰሽ?» ሲሉኝ የማፍርበት ግቢ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቤት የተጻፉ ቢሆኑም፣ የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ አንድ ወጣት የገባበት ዩኒቨርሲቲ ስም በራሱና በቤተሰቡ ላይ የሚያሳድረው ስሜት።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ጥሩ ስለነበር ምርጫዬን ስሞላ ከላይ ያስቀመጥኋቸው ሁሉ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ምደባው ሲወጣ የደረሰኝ ግን ከቤቴ የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ የሚርቅና ሰው ሁሉ «አራተኛ ትውልድ» የሚለው አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አብረውኝ ከተማሩት ጓደኞቼ አንዷ ስድስት ኪሎ፣ ሌላዋ ጎንደር ገብተዋል። የስድስት ኪሎዋ ጓደኛዬ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ስትልክልኝ፣ እኔ የምልክላት አጥቼ ዝም እላለሁ። በእኛ ግቢ ያለው ያልተጠናቀቀ ሕንፃና አቧራ ነው፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ በጀሪካን እየቀዳን ወደ ሦስተኛ ፎቅ እናወጣለን። ከሁሉ በላይ ልቤን የሰበረው ግን እናቴ ጎረቤቶች «ልጅሽ የት ደረሳት?» ብለው ሲጠይቋት የከተማውን ስም ብቻ ተናግራ ወሬ እንደምትቀይር ከእህቴ መስማቴ ነው። በዶርማችን ስድስት ልጆች ነን፤ ከሁሉም ጋር በጣም ተስማምቻለሁ። ሆኖም እነርሱ የዩኒቨርሲቲውን ዓርማ የያዘውን ቲሸርት ሲገዙ እኔ አልገዛሁም። ወደፊት ሕግ ማጥናት እፈልጋለሁ። ዝውውር ልጠይቅ? ካልሆነስ፣ ላልመረጥሁት ግቢ «የእኔ ነው» የሚል ስሜት ከየት ይመጣል?
የአንደኛ ዓመት የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የእናትሽን ነገር አስቀድመን እናንሣ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ከውሃውም ከአቧራውም ይልቅ የከበደሽ እርሱ እንደሆነ ይታያልና። እናትሽ ወሬ የምትቀይረው በአንቺ አፍራ ነው ብለሽ ደምድመሻል። እኛ ግን ሌላም ነገር ይታየናል። ስለምትኖሪበት ግቢ ለጎረቤት የምትነግረው ምንም ነገር በእጇ የላትም። ጓደኛሽ ስለ ቤተ መንግሥቱ ደረጃ ለቤተሰቧ ትነግራለች፤ አንቺ ደግሞ ስለ ግቢሽ ስትጠየቂ ዝም ትያለሽ፤ እናትሽም ዝምታሽን ተቀብላ ለጎረቤት ታስተላልፋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስልክ አንሥቶ ለእርሷ በዝርዝር መናገር ነው። የዶርም ጓደኞችሽ ከየት ከየት እንደ መጡ፣ ማን ቡና እንደሚያፈላ፣ የትኛው መምህር ክፍሉን ጸጥ እንደሚያሰኝ፣ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ንገሪያት። በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤት ሲጠይቃት የምትመልሰው ታገኛለች።

ስለ ዝውውር በግልጽ ልንነግርሽ የሚገባው፣ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመለከቱት እንደ ጤና ባለ በማስረጃ በሚረጋገጥ ከባድ ምክንያት መሆኑን ነው፤ የግቢው ስም አለመታወቁ ከእነዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ስትሄዪ ከዝውውር በፊት የምትጠይቂው ሌላ ጥያቄ ይኑርሽ። ግቢው የሕግ ትምህርት ክፍል አለው? ካለውስ ከአንደኛ ዓመት በኋላ ስንት ተማሪ፣ በምን ያህል አማካይ ውጤት ይቀበላል? የሕግ ትምህርት ፈጽሞ የሌለ ከሆነ ጥያቄሽ ተጨባጭ መሠረት ስለሚኖረው በጽሑፍ አቅርቢው። ካለ ግን አሁን የምትማሪያቸው የጋራ ኮርሶች፣ ማለትም ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና ሌሎቹ የምትፈልጊውን ትምህርት ክፍል በር የሚከፍቱልሽ ወይም የሚዘጉብሽ እነርሱ ናቸው። ዝውውር እየጠበቁ አንድ ሴሚስተር በግማሽ ልብ ማሳለፍ ብዙ ተማሪዎችን የሚፈልጉትን የትምህርት ክፍል አሳጥቷል፤ ይህ በአንቺ እንዲደርስ አንፈልግም። ከዚህ ጋር አንድ ነገር አስታውሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። በአንድ የትምህርት ዘርፍ ከአንጋፋውም ከአዲሱም ግቢ የወጣ ተማሪ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀመጣል ማለት ነው፤ የዛሬ ጥናትሽም በዚያ ወረቀት ላይ ይለካል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ። ዛሬ አንጋፋ የምንላቸው ግቢዎች ሲጀመሩ ምን ይመስሉ እንደነበር ብታውቂ የራስሽን ግቢ የምታዪበት ዓይን ይለወጥ ይሆናል ብለን እናምናለን። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም የመጀመሪያ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን የጀመሩት ጅማ ላይ ነው፤ የራሱ ግቢ ገና እየተሠራ ነበርና። ጓደኛሽ የገባችበት ጎንደርም በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የተቋቋመውም የገጠሩን ሕዝብ የሚያክሙና በሽታ የሚከላከሉ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነው። ያኔ የገቡት ተማሪዎች የሚመኩበት የተሠራ ስም አላገኙም። ዛሬ «ጎንደር የሐኪም አገር ነው» የሚያሰኘውን ዝና ያቆሙት ወደየገጠሩ ወጥተው ወባንና ሌሎች በሽታዎችን የተጋፈጡት እነዚያ ወጣቶች ናቸው። የባሕር ዳር ተማሪዎችም ዛሬ በፍቅር «ፖሊ» እና «ፔዳ» የሚሏቸው ሁለት ግቢዎች ቀድሞ ለየብቻቸው የቆሙ ተቋማት ነበሩ፤ ስማቸውን ያወረሷቸውም የፖሊ ቴክኒክና የፔዳጎጂ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ተማሪው የሚመካበትን ስም ያገኘው ከሥራው ነው።

ሌላም ነገር እናክል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለ መርሐ ግብር ጀምሮ ነበር። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። ከከተማ ያልወጡ ብዙ ወጣቶች አገራቸውን በዓይናቸው ያዩት ያን ጊዜ ነው። አንቺ ያንን ዕድል ገና በአንደኛ ዓመትሽ፣ ከአምስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አግኝተሽዋል። ለምርቃት ስትደርሺ በአምስቱ የዶርም ጓደኞችሽ ቋንቋ ሰላምታ መስጠት፣ ሐዘን ማጽናናትና እንግዳ መቀበል የምትችዪ ከሆነ፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ ሆነሽ ሕዝብ ፊት በምትቆሚበት ቀን ከየትኛውም መጽሐፍ የማታገኚውን ነገር ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። ቅዳሜ ወይም የገበያ ቀን ከጓደኞችሽ ጋር ወደ ከተማው ውረጂ። ግቢውን በአጥሩ ውስጥ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ አራት ዓመት ተቀምጦም እንግዳ ሆኖ ይመረቃል።

የውሃውን ችግር ግን ታገሺ አንልሽም። ግቢውን መውደድ ጉድለቱን መሸፈን አይደለም፤ እንዲያውም ስለ ጉድለቱ ወግ ባለው መንገድ የሚናገር ተማሪ ግቢውን የእኔ ብሎ የተቀበለ ተማሪ ነው። በየትኛው ሕንፃ፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ለስንት ሰዓት ውሃ እንደሚቋረጥ ለሁለት ሳምንት ከዶርም ጓደኞችሽ ጋር መዝግባችሁ፣ በፕሮክተራችሁና በተማሪዎች ኅብረት በኩል ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን በጽሑፍ አቅርቡ። ሕግ ልታጠኚ የምታስቢ ልጅ እንዲህ ያለውን አቤቱታ በሚገባ መጻፍን ከወዲሁ ብትለማመጂው መልካም ነው። ቲሸርቱን ለመግዛት አትቸኩዪ፤ ልብሽ ሲፈቅድ ትገዢዋለሽ።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ልጄ ባለፈው ዓመት አንጋፋ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ተመድቦልኝ ቤተሰቡ ሁሉ ተደስቶ ነበር። ለገና ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። የግቢውን ስም ሳያነሣ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ውጤቱ ሳይሞላለት ቀርቶ በሪሜዲያል መርሐ ግብር የሚማረውን የአጎቱን ልጅ ምሳ ላይ «አንተ ገና አልገባህም» አለው። ልጁ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ኩራቱን ልሰብርበት አልፈልግም፤ ዝም ማለትም አልቻልሁም።
አባት፣ ከደሴ

መልስ፦ አባታችን፣ ዝም ማለት እንደሌለብዎ እናምናለን፤ ነገር ግን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ቢያናግሩት ይመረጣል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከቤት ሲወጣ የነበረውን ስም ሁሉ ትቶ ነው የሚሄደው። በሠፈሩ የእርስዎ ልጅ፣ በትምህርት ቤቱ ጎበዝ ተማሪ ይባል የነበረው በአዲሱ ግቢ ውስጥ ከብዙ ሺህ ተማሪዎች አንዱ ይሆናል፤ በየክፍሉ ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ውጤት ያመጡ ልጆች ያገኛል። ስለዚህ ብዙዎቹ ራሳቸውን በግቢው ስም ይደግፋሉ። የልጅዎ ንግግር ከትዕቢት ይልቅ ከዚህ ዓይነት መናወጥ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ኩራቱ ከመውቀስዎ በፊት የመጀመሪያው ሴሚስተር እንዴት እንደነበረ፣ ምን እንደከበደው ይጠይቁት። መልሱ ሊያስገርምዎ ይችላል።

ስለ አጎቱ ልጅ ግን በግልጽ ይንገሩት። የሪሜዲያል መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ነው፤ በዚያ የሚማሩት ልጆችም የመርሐ ግብሩን ፈተና ሲያልፉ እርሱ የተቀመጠበት ክፍል ይቀመጣሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ ላይ «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» የሚል የግዕዝ ቃል አለ፤ ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙንም ያዙ ማለት ነው። ልጅዎ የየትኛውም ግቢ ተማሪ ቢሆን ይህን ቃል ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለው ቢያነቡትና «በዚያ ምሳ ላይ የትኛውን መልካም ያዝህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ከረጅም ተግሣጽ የተሻለ ያዳምጥዎታል።

ለፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ወንድምዎን ከነልጁ ቤትዎ ይጥሩ። ልጅዎ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተሮቹን ይዞ ይምጣ፤ ከበዓሉ ማግስት ሁለቱ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ አብረው ይቀመጡ። ይቅርታውን ግን ከጥናቱ በፊት፣ በራሱ አንደበት ይጠይቅ።