ካርዱ አለ፣ ኪኒኑ የለም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ጤና ጣቢያንና ምርጫን አንድ ላይ ያነሳሉ። አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሌሎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው፤ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። የጤና መድህን መዋጮዬን አንድም ዓመት አላስቀረሁም። ምርጫ በመጣ ቁጥርም ድምፄን የምሰጠው ለገዥው ፓርቲ ነው። የደም ግፊት አለብኝ፤ ዘንድሮ መድኃኒት ልወስድ ስድስት ጊዜ ሄጄ አራቱን «የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ተባልኩ። ቅሬታ ላቀርብ ስነሳ ጎረቤቶቼ «ተቃዋሚ ያስብልሃል» ይሉኛል። ልጄ ደግሞ «ድምፅህን ንፈጋቸው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ማንን እንደሚመርጡ እርስዎ ያውቃሉ። እኛ ኪኒኑ የት እንደሚቀር እንንገርዎ፤ እሱ ሳይታወቅ ድምፅ መስጠትም ሆነ መንፈግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንዱ «የፕሮግራም» የሚባለው ነው፦ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ። በነፃ ይመጣል፣ በነፃ ይታደላል። ሌላው ጤና ጣቢያው በራሱ ገንዘብ እየገዛ፣ ሲያወጣ መልሶ የሚተካው ነው። የእርስዎ የደም ግፊት ኪኒን ከዚህኛው ወገን ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስደው ጎረቤትዎ ሳይጓደልበት እርስዎ ባዶ እጅዎን የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማንም ለይቶ ጠልቶዎት አይደለም።

ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይልካል፤ ቅርንጫፉ እዚሁ ደሴ ነው። በደንቡ መሠረት ስቶር ውስጥ ቢያንስ የሁለት፣ ቢበዛ የአራት ወር ፍጆታ መኖር አለበት። ክምችቱ የሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሲቀር ተራ ሳይጠበቅ የአስቸኳይ ጥያቄ ይላካል። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ከቅጹ ይጀምራል። ጥያቄው የሚሰላው ባለፉት ሁለት ወራት በወጣው መጠን ነው። ኪኒኑ ለአንድ ወር ጠፍቶ ከነበረ የወጣው ትንሽ ይመስላል፤ የጠፋባቸው ቀናት ካልታሰቡ የሚቀጥለውም ጥያቄ ትንሽ ይሆናል። እንዲህ እያለ እጥረት እጥረትን ይወልዳል። ቅጹ በትክክል ተሞልቶም ቅርንጫፉ ራሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋው ንሯል።

ከሁሉ የከፋው ግን የገንዘቡ መንገድ ነው። እርስዎ መዋጮውን የሚከፍሉት ለመድህኑ እንጂ ለጤና ጣቢያው አይደለም። ጤና ጣቢያው ያክምዎታል፣ ያለውን መድኃኒት ይሰጥዎታል፣ ሂሳቡን ይመዘግባል። መድህኑ በየሩብ ዓመቱ ሰነዱን መርምሮ ይከፍለዋል። ክፍያው ከዘገየ፣ ወይም ካርድ ቁጥር ተሳስቶ ሂሳቡ ከተጣለ፣ ጤና ጣቢያው የሚቀጥለውን ግዢ የሚፈጽምበት ብር አይኖረውም። እዳው ሳይከፈል አባል በበዛ ቁጥር ስቶሩ ይራቆታል። ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. ይህ መድህን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ ስለዚህ «ሥርዓቱ ገና ነው» የሚለው ማመካኛ ደቡብ ወሎ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ እርስዎ እንመለስ። «የለም» ሲባሉ በቃል ተቀብለው አይውጡ። ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ይጻፉበት፤ ቀንና ማኅተም ይኑረው። ከውጭ ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ የትም አይቆጠርልዎትም። ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው የመድህኑ ቢሮ ይሂዱና ውል የተገባለት መድኃኒት ቤት እንዳለ፣ ያወጡት የሚተካ እንደሆነም ይጠይቁ። ከዚያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ኪኒኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው? የአስቸኳይ ጥያቄ ተልኳል? መድህኑ የከፈላችሁ እስከ የትኛው ሩብ ዓመት ነው? ጥያቄ ካልተላከ ጥፋቱ የጤና ጣቢያው ነው፤ ጤና ጣቢያውን ለሚመራው ቦርድ ያመልክቱ። ተልኮ ቅርንጫፉ «የለኝም» ካለ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ክፍያው ከዘገየ የከተማው አስተዳደር ዘንድ ይሂዱ።

ጎረቤቶችዎ ስላስፈራሩዎት ነገር፦ በየሩብ ዓመቱ ተገልጋዮች ለጤና ጣቢያ ነጥብ የሚሰጡበት ስብሰባ ጤና ሚኒስቴር ራሱ ያመጣው አሠራር ነው። የመድኃኒት አቅርቦትና ወረፋ እዚያ ይመዘናሉ። ማዘዣዎን ይዘው ይግቡ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ይስጡ። ይህ ማንንም ተቃዋሚ አያደርግም። እንዲያውም ድምፅዎ በኪሴ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ለጥያቄዎ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም፤ «አብሽር፣ ይስተካከላል» ብሎ ይሸኝዎታል።

ጥያቄ፦ ሰኔ 2013 ተሰልፌ መርጫለሁ። የመረጥኩት ሰው የሰፈሬን ጤና ጣቢያ ማስተካከል ይችላል? *ከቧንቧ ውሃ ሰፈር*

መልስ፦ በቀጥታ አይችልም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደሴ የመረጠችው ለፌዴራል ፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ነው። የጤና ጣቢያዎን በጀት የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። የደሴ ሆስፒታል ደግሞ ተጠሪነቱ ለክልሉ ጤና ቢሮ ነው። የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ከተካሄደ ከሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ወዲህ የደሴ መራጭ በዚያ እርከን ላይ ድምፅ የሰጠበት ቀን የለም። ሰው የቅርቡን ቀጥቶ የማያውቅ ከሆነ ብሶቱን ሁሉ ሩቁ ላይ ይከምራል፤ «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው ንግግርም ከዚህ የሚመጣ ይመስለናል።

የክልል ምክር ቤት ተወካይዎ ግን ስለ ሆስፒታሉ ሊጠየቅ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሆስፒታሉ ተዘርፎ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ይሁንና ያ ጉዳት ለዘላለም መልስ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። የትኛው የምርመራ መሣሪያ ተተካ፣ የትኛው ቀረ፣ ለቀረው በጀት ተይዟል ወይ ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ የቀረበ ጥያቄ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ነሐሴ ላይ የቀረበው ለከርሞ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እናቴ የመድህን ካርድ አላት፤ እኔን ግን አንመዘግብም አሉኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ ነው፣ ቢያበሳጭም። እናትዎ ያላቸው ማህበረሰብ አቀፉ መድህን የገበሬው፣ የነጋዴውና የራሱን ሥራ የሚሠራው ነው። ለደመወዝተኛ የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድህን ነበር። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ወጣለት፤ ከሠራተኛው 3፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ይዋጣል ተባለ። መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ከደመወዛችን አይቆረጥም ብለው አጉረመረሙ፤ አዋጁም ለዓመታት ሳይተገበር ቆየ። ድምፅ የሚያሳጣ ቆረጣ ማን ይደፍራል? እስከዚያው ድርጅትዎ የሕክምና ወጪ ይሸፍን እንደሆነ የኅብረት ስምምነቱን ያንብቡ። ባለቤትዎ በግል ሥራ የሚተዳደር ከሆነም ቤተሰቡን በእሱ ስም ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ቀበሌውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ጤና ጣቢያ ስትወልድ «ጓንት ገዝተህ ና» ተባልኩ። *ከሮቢት*

መልስ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ መውለድና ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል ለማንም ነፃ ነው፤ የመድህን ካርድም አይጠየቅበትም። የገዙበትን ደረሰኝ አያይዘው ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ አሮጊት አክስቴ «የድሀ ድሀ» ተብላ ያለ መዋጮ ትታከማለች። የቀበሌ ሰው «ለማን እንደመረጥሽ እናያለን፣ ስምሽም ይሰረዛል» አላት። መምረጡን ልትተወው ነው።

መልስ፦ አትተወው። ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ፣ ማንም በፖለቲካ አመለካከቱ ልዩነት እንደማይደረግበት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ተጽፏል። «እናያለን» ያለው ሰው የሚያይበት መንገድ የለውም። ወረቀቱን መጋረጃው ውስጥ ብቻዋን ምልክት አድርጋ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ ትክተት። ማንበብ ካስቸገራት የሚረዳትን ሰው ራሷ ትምረጥ፤ ቀበሌው አይመርጥላትም።

ከክፍያ ነፃ የሚሆኑት በኑሯቸው ተለይተው ነው፤ ምልመላውም ነዋሪው ፊት የሚቀርብ ነው። ስሟ ከዝርዝሩ ከወጣ ምክንያቱን በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን በማኅተም አስመትታ ታስቀር። ዛቻውን ደግሞ ለምርጫ ቦርድ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ፦ ማን እንዳለ፣ በየትኛው ቀን፣ የት ቦታ፣ ማን እንደሰማ። «ቀበሌው እያስፈራራ ነው» ብቻ ካሉ የሚመረመር ነገር አይኖረውም።