አልጠገን ላለው ላፕቶፕሽ፦ ከሰዓቱ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎቹም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። ድሮ ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣ፣ በኋላ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ አለሽ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። አፕዴት እያደረገ ሳለ ገመዱ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አውቶማቲክ ሪፔሩ ትንሽ ይታገልና መጠገን አልቻልኩም ብሎ ይተወዋል። በፍላሽ ገብተሽ ቪዲዮ ላይ ያየሻቸውን ትእዛዞች ሁሉ ሞከርሽ። የቡት (የማስነሻ) ክፍሉን የሚጠግነው ፊክስቡት «አክሰስ ዲናይድ» (አይፈቀድም) አለሽ። የዊንዶውስ ፋይሎችን የሚፈትሸው ኤስኤፍሲ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ጥገና ስላለ መጀመሪያ ሪስታርት አድርጊ አለሽ። አሁን ፎርማት ላድርገው ወይ ትያለሽ፤ ፎቶዎቹ ግን ሌላ ቦታ የሉም።

ፎርማት አታድርጊ። ቢያንስ ዛሬ አታድርጊ።

እኔን የያዘኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት መስመር ናት። «ሰዓቱም 2012 ይላል፣ እሱ እንኳን ችግር የለውም» ብለሻል። ምናልባት ችግሩ እሱ ራሱ ይሆናል።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው፣ 3 ቮልት ያላት ናት። ላፕቶፕ ውስጥ አንዳንዴ በፕላስቲክ ተጠቅልላ በሁለት ቀጭን ሽቦ ተያይዛ ትገኛለች። ሥራዋ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን ማስኬድና የባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ፕሮግራም) ሴቲንግ መያዝ ነው። ትልቁ ባትሪ በድን ሆኖ፣ ትንሿም ደክማ፣ ገመዱ ሲነቀል ባዮሱ የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም። ከፋብሪካ ወደወጣበት ሴቲንግ ይመለሳል። ሰዓቱ ወደ ኋላ የሄደው ለዚህ ነው።

ሰዓቱ ብቻ ቢሆን እዳው ገብስ ነበር። አብሮ የሚመለስ አንድ ሌላ መስመር አለ፤ ሳታ ሞድ ይባላል፤ ማሽኑ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ኤኤችሲአይ ወይም አይዲኢ የሚል ምርጫ አለው። ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ ከሆነና ባዮሱ ወደ አይዲኢ ከተመለሰ፣ ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጠራው ድራይቨር (ዲስኩን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ሌላ ይሆንበታል። የራሱን ሃርድ ዲስክ ያጣዋል። ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። አንቺ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል አልጻፍሽም፤ በፍጥነት ስለሚጠፋ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪና አቁመሽ አንብቢው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። የዘመድ ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ትእዛዝ ስጽፍ ከርሜአለሁ። ሪፔር፣ እንደገና ሪፔር፣ ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ ሪፔር። ከፍላሹ ስገባ ፋይሎቹ ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ሪፔሩም የተበላሸ ነገር አላገኘሁም ይላል። ያሳበደኝም ይኸው ነበር። በኋላ ሲገባኝ፣ ፍላሹ የሁለቱንም ዓይነት ድራይቨር ይዞ ስለሚመጣ እሱ ዲስኩን ያየዋል። ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ነው የማያየው። የተበላሸ ፋይል ሳይኖር ፋይል ሲጠግኑ መዋል! ባዮስ ውስጥ አንዲት መስመር ቀየርኩና ተነሣ። በራሴ አፈርኩ።

ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ግቢ። ማሽኑ ሲነሣ የምትጫኚው ቁልፍ እንደ ማሽኑ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ነው። የሳታ ሞዱን መስመር ፈልጊና አሁን ያለበትን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። መስመሩ ጭራሽ የሌለባቸው ላፕቶፖችም አሉ፤ ካጣሽው ይህን ጥርጣሬ እንተወዋለን። ካለ ግን ገና አትቀይሪው። መጀመሪያ ፎቶዎቹን እናውጣ።

ለምን ትይኝ እንደሆነ፣ ሌላ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። የድሮ ላፕቶፔ ላይ ሪፔሩ እምቢ ሲለኝ ቼክዲስክን ከአር ምልክቱ ጋር አስጀምሬ ተኛሁ። ይህ ትእዛዝ እያንዳንዱን ሴክተር (የዲስኩን ትንሽ ቁራጭ) ያነባል። ጤነኛ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል እንጂ ጉዳት የለውም። የኔ ዲስክ ግን እየሞተ ነበር። ጠዋት ስነሣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ማታ የሚከፈቱ የነበሩ ፎልደሮች ጠዋት አልነበሩም። እየሞተ ያለ ዲስክ የቀረችውን ትንፋሽ ፋይል በማውጣት ነው መጨረስ ያለበት። እኔ በጥገና አስጨረስኩት።

ፋይል ለማውጣት ዊንዶውስ አያስፈልግሽም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን ወይም ሊነክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ ጫኚ። ከፍላሹ አስነሺና ሳትጭኚ መሞከር የሚለውን ምረጪ። ዲስክሽን በፋይል ማኔጀሩ ክፈቺ፤ የፎቶ ፎልደሩን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቅጂ። ዊንዶውስ በደንብ ስላልተዘጋ «ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም» የሚል ነገር ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ። እኛ የምንፈልገው ማንበብ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ይሻላል።

እዚያው እያለሽ የዲስኩን ጤና እዪ። ኡቡንቱ ላይ ዲስክስ የሚል ፕሮግራም አለ፤ በሦስቷ ነጥብ ሜኑ ሥር የስማርት ዳታ (ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግበውን) የሚለውን ክፈቺ። ላይኛው መስመር «ዲስክ ኢዝ ኦኬ» ቢል እንኳ እዚያ ላይ አትቁሚ። ሪአሎኬትድ ሴክተር እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉትን ቁጥሮች እዪ። የመጀመሪያው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። ሁለተኛው ማንበብ ያልተቻሉና ገና ውሳኔ የሚጠብቁትን። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ከዜሮ ካለፈ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ዓይነት ሪፔር አልሠራም። ቅጂው መሀል ላይ ቀጥ ካለ ደግሞ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ አስቸጋሪውን ቦታ ለመጨረሻ ይተወዋል፤ የት እንደደረሰም መዝግቦ ይይዛል። እዚያ ከደረስሽ ብቻሽን አትጀምሪ፣ እዚሁ ጻፊልኝ።

ፎቶዎቹ ከወጡ በኋላ ነፃ ነሽ። ከዚያ ወዲያ የምትሠሪው ስህተት ሁሉ የሚያስከፍልሽ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ሳታ ሞዱን ቀይሪና ሞክሪ። ካልሠራ ወደነበረበት መልሺው። ትንሿን የማዘርቦርድ ባትሪ ካልቀየርሽ ግን ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ሴቲንጉ እንደገና ይጠፋል።

ይህ ካልሆነ የአፕዴቱ ተራ ነው። ትእዛዝ ከመጻፍሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ፍላሹን እንዴት እንዳስነሣሽው። የአንዳንድ ማሽን ቡት ሜኑ ያንኑ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ አንዱ ፊት ላይ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) የሚል ቃል አለው፣ አንዱ የለውም። ዊንዶውስሽ የተጫነው በአሮጌው መንገድ ሆኖ ፍላሹን በዩኢኤፍአይ ካስነሣሽው፣ ሪፔሩ የሚነካካው የተሳሳተ ቦታ ነው። ለማወቅ ከፍላሹ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ላይ ዲስክፓርት ብለሽ ግቢና ሊስት ዲስክ በዪ። ጂፒቲ በሚለው ዓምድ ሥር ኮከብ ካለ ዩኢኤፍአይ ነው። ከሌለ አሮጌው ነው። ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣ ላፕቶፕ አሮጌው ቢሆን አይገርመኝም።

ሁለተኛ፣ የድራይቭ ፊደሉን። ከፍላሽ ስትገቢ ሲ የምትይው ድራይቭ ሲ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ለማስነሻ የሚለያት ትንሿ ክፍል፣ ሲስተም ሪዘርቭድ፣ ሲ ትሆንና ዊንዶውሱ ዲ ይሆናል። ቪዲዮዎቹ ሁሉ ሲ፣ ሲ ስለሚሉ ሰው ባዶ ቤት ያንኳኳል። ቀላሉ ዘዴ ኮማንድ ፕሮምፕቱ ላይ ኖትፓድ ብለሽ መጻፍ ነው። ኖትፓዱ ሲከፈት ፋይል፣ ኦፕን ብለሽ ድራይቮቹን በዓይንሽ ታያለሽ። ዊንዶውስ የሚል ፎልደር ያለበትን ፊደል ያዢ።

ኤስኤፍሲ ሪስታርት አድርጊ ያለሽ ባዶውን ስካንናው ብለሽ ስለጻፍሽ ሊሆን ይችላል። ከፍላሽ ስትሠሪ ኦፍቡትዲር እና ኦፍዊንዲር የሚሉትን ጨምረሽ ትክክለኛውን ፊደል መንገር አለብሽ። ባንቺ ሁኔታ ግን ከሱ በፊት ዲስም የሚባለውን የዊንዶውስ መጠገኛ ትእዛዝ በሪቨርት ፔንዲንግ አክሽንስ ባስጀምረው እመርጣለሁ። ኢሜጅ በሚለው ቦታ የዊንዶውስሽን ድራይቭ ፊደል ትሰጪዋለሽ። እሱ መሀል ላይ የቀረውን አፕዴት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የተሠራውም መነሣት ላቃተው ዊንዶውስ ነው። ቦታ አነሰኝ ካለሽ ስክራችዲር ጨምሪና ዲስኩ ላይ አንድ ባዶ ፎልደር ስጪው፤ ኤክስ የሚለው ድራይቭ ራም (ጊዜያዊው ሜሞሪ) ላይ ያለ ጠባብ ቦታ ስለሆነ ነው።

ፊክስቡት አክሰስ ዲናይድ ሲል አብሮት መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። በሱ ፋንታ ቢሲዲቡት የሚለውን ተጠቀሚ፤ የቡት ፋይሎቹን ከዊንዶውስ ፎልደሩ አዲስ አድርጎ ይጽፋቸዋል። ግን ሰማያዊው ስክሪን ላይ እስከ ደረሰ ድረስ ቡቱ ራሱ ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ እሱን ተይው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሬጅባክ ከሚለው ፎልደር ፋይሎቹን ወደ ኮንፊግ ቅጂ የሚል ምክር ታገኛለሽ። ለዊንዶውስ 7 ጥሩ ምክር ነበር። ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1803 ወዲህ ግን ያ ፎልደር ውስጥ ያሉት ፋይሎች በነባሪ ባዶ ናቸው፤ መጠናቸው 0 ኪሎባይት ነው። ያለ ምርመራ ከቀዳሽ ደህናውን ሬጅስትሪ (የዊንዶውስን የሴቲንግ መዝገብ) በባዶ ትተኪዋለሽ። መጠኑን ሳታዪ እንዳትነኪው።

ራሙን ረስቼው ነበር። ሪፔሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ዲስኩን ወይም ፍላሹን እጠረጥራለሁ። አንዴ 20 በመቶ፣ አንዴ 60 በመቶ ላይ የሚቆም ከሆነ ራሙን። ገመዱን ንቀዪና ራሙን አውጥተሽ ቢጫዎቹን ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊ፤ ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86 ፕላስን ሌሊቱን አስኪጂው። አንድ ስህተት ካሳየ በቂ ነው፤ በዚያ ራም ላይ ምንም አትጫኚ።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ያኔ አዲስ ጫኚ። ግን በአሮጌው ዲስክ ላይ አይሁን፤ ኤስኤስዲ ግዢ። ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ከዚህ የሚሻል መድኃኒት አላየሁም። ምን ትጭኛለሽ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ላፕቶፕሽን በይፋ አይቀበለውም። ኢንተርኔትና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ሥራሽ እኔ ሊነክስ ሚንት እልሻለሁ። እዚህ ግሩፕ ላይ የሚቃወመኝ እንዳለ አውቃለሁ።

ለጊዜው ሦስት ነገር ላኪልኝ፤ የሳታ ሞዱን ፎቶ፣ የሁለቱን ሴክተሮች ቁጥር፣ ሰማያዊው ስክሪን ላይ የተጻፈውን።